ገመድ

ትሪየስቴ ላይ ነፋስ ስም አለው እንደ ሰው፤
«ቦራ» ነው የሚሉት፣ ብርዱ ሲገባ ነው ተራራው የሚያፈሰው።
እኔ የማውቀው ቦራ ግንባረ ነጭ በሬ፤
ይኼኛው ቀንድ የለውም፣ ግን ስንቱን ወግቶ ጥሏል እስከ ዛሬ።
ድሮ፣ ባሰበት ቀን፣ ገመድ ይወጥሩ ነበር ከጥግ እስከ ጥግ፣
አላፊ አግዳሚው ጨብጦ እንዲሻገር በወግ።

ዛሬ ገመዱ የለም።
ነፋሱም የለም። ሰኔ ነው፤ ባሕሩ የተተኮሰ ጨርቅ ይመስላል፤
እኔ ግን ግድግዳ ታክኬ እሄዳለሁ፣
በሌለ ነፋስ ውስጥ እጄ የሌለ ገመድ ይፈልጋል።

መዞር አይደለም ይኼ።
መዞርን አውቀዋለሁ፤ ልጆች ሳለን ቀሚሳችንን ነፍተን ስንሽከረከር
ቤቱም ዛፉም አብሮን ይዞር ነበር፣
ሣሩ ላይ ጋደም ስንል ሁሉም ቦታው ይገባ ነበር።
ይኼኛው አይገባም።
ጭው ይላል፤
ከአንገቴ በላይ ያለው ቤት ተከራዩ ለቆ እንደ ሄደ፣
መስኮቱን ሳይዘጋ።
እግሬ ይረግጣል፣ የረገጠውን አያምንም፤
በጨለማ፣ ያለቀ ደረጃ ላይ አንድ እንደሚጨምር ሰው።

አልወድቅም። ጣጣው እሱ ነው።
ብወድቅማ ቁስል ይገኝ ነበር፣ ደም፣ አንድ የሚታይ ነገር።
ሁለት ዓመት ከሦስት ወር፦
ራሴን አልሳትኩም፣
ራሴንም አላገኘሁም።

የጆሮው ሐኪም ውሃ ጆሮዬ ውስጥ አፈሰሰ፤
«ደኅና ነው» ብሎ ወረቀቴን መለሰ።
የነርቩ ሐኪም ጉልበቴን በመዶሻ መታ፤
የልቡ ሐኪም ሽቦ ለጠፈብኝ፣ ቀንም ማታ።
ልቤም ጉድ ሠራችኝ፣
እንደ ባቡር ሰዓቷን ጠብቃ ስትመታ አደረች።

ካቲናራ ላይ፣ ኮረብታው ላይ ባለው ሆስፒታል፣
ከአልጋ ጋር በጠፍር አስረው አልጋውን ቀጥ አድርገው አቆሙት።
ነርሷ ስሜን ሦስት ቦታ ሰብራ፣ «ኤማ… ዋ… ኢሽ?
አሁን ምን ይሰማሻል?»
ምን ልበላት?
በጣሊያንኛ የማውቀው ሕመም ሁሉ የሲኞራ ዞራ ነው፤
ዳሌዋ፣ ስኳሯ፣ የሌሊት ሳሏ።
«ጭው»ን በምን ልተርጉመው?
የታሰረ እጄን ከጣቴ ጫፍ እንደ ክንፍ አራገብኩት።
ጻፈች። «ወፍ» ብላ ይሆናል።

ዶክተር ፉርላን መነጽሩን አውልቆ፣ የምሥራች እንደሚያበስር፣
«ምንም የለብሽም» አለኝ፤ «ምናልባት ናፍቆት።»
ናፍቆትን አውቀዋለሁ፤ እሱ ሆድ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤
ይኼ ሌላ ነው።
ምንም የለብኝም።
ታዲያ ይኼን ምንም ማን ያውርድልኝ?
አንድ ፌስታል ሙሉ ወረቀት፣ ሁሉም «ምንም» የሚል፤
ምንም እንዲህ ይከብዳል እንዴ?

የማስታምማት ሴት ስሟ ዞራ ነው።
በእናቷ ቋንቋ፣ በስሎቬንኛ፣ ጎሕ ማለት ነው አሉ፤
በእኔ ቋንቋ የሚሆነውን ለማንም አልነገርኩም፣
ስጠራት ግን ለብቻዬ እስቃለሁ።
«ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት» ይላል ተረቱ፤
መሬቱስ? የት አባቱ!

ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው፤ በየጠዋቱ ክንዴን ይዛ
ባሕሩ ውስጥ በገባው የድንጋይ መንገድ እንሄዳለን።
ለሚያየን እኔ ደጋፊ፣ እሷ ተደጋፊ፤
እውነቱን የማውቅ እኔ ብቻ መስሎኝ።

ትናንት፣ መሐል ላይ፣ ጭው አለብኝ።
ቆምኩ። ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገባ ልላት ስል
ያ ጭራሮ የሚያህል እጇ ክንዴን ጠበቅ አደረገው።
«ከመቼ ጀምሮ ነው?»
ሁለት ዓመት ከሦስት ወር።
«ምን አሉሽ?»
ምንም።
ዝም አለች፤ አንድ ጀልባ እስኪያልፍ ድረስ።
«ገመዱ እኮ» አለች፣ «እጅ ይልጥ ነበር።»
እጇን ግን አላነሣችም።

የሚቀጥለው ቀጠሮዬ ኅዳር ነው፣ ከጠዋቱ ሁለት ተኩል።
በኅዳር ቦራ ይነሣል።
ያን ቀን ከተማው ሁሉ እንደ እኔ ግድግዳ ታክኮ ይሄዳል፣
ማን ምን እንዳለበት ማን ይለያል።